«የት ነው ያላችሁት?» የአደጋ ጊዜ ስልክ ታሪክና የቤታችን አድራሻ

አዲስ አበባ ውስጥ ከፒያሳ ወረድ ሲሉ «እሪ በከንቱ» የሚባል ሰፈር አለ። የስሙ አመጣጥ ሲነገር፣ ድሮ ቦታው ጫካና ገደል ስለነበር ሲመሽ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ በወንበዴ ይያዝ ነበር፤ እሪ ቢል የሚደርስለት አልነበረም ይባላል። ጩኸቱ በከንቱ ቀረ፤ ስሙም ለሰፈሩ ቀረ።

እስቲ ይህን ስም ይዘን ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። ሰው ሲቸገር ጩኸቱ ሊረዳው ለሚችል ሰው እንዴት ይድረስ? ደረሰ እንበል፤ የሰማው ሰውስ የተቸገረውን የት ብሎ ያግኘው? ዛሬ ስልክ በየኪሳችን ስላለ የመጀመሪያው ጥያቄ ከሞላ ጎደል ተመልሷል። ሁለተኛው ግን ገና ነው። አምቡላንስ ሰፈር ውስጥ ገብቶ መታጠፊያው ጠፍቶት ሲዞር ያየ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል።

የደቂቃ ነገር ቀላል አይደለም። ልቡ በድንገት መምታት ላቆመ ሰው፣ ደረቱን እየተጫነ የሚረዳው ካልተገኘ፣ የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ቤት ፍለጋ የባከነ አምስት ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት።

እሪታ አድራሻ ነበረው

ከስልክ በፊት የነበረውን የእርዳታ ጥሪ አስቡት። በገጠር ቤት ሲቃጠል ወይም አውሬ ሲመጣ እሪ ይባላል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል። ጎረቤት ሁሉ ወደ ድምፁ ይሮጣል። «የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም። ለምን?

መልሱ ያለው ጆሯችን ላይ ነው። ሁለቱ ጆሮዎቻችን በጭንቅላታችን ግራና ቀኝ ስላሉ ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሯችን ላይ ጥቂት ቀድሞ ይደርሳል። ልዩነቱ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ እንኳ ያንሳል፤ አእምሯችን ግን ይህችን ልዩነት ለክቶ አቅጣጫውን ይነግረናል። ስለዚህ እሪታ ሁለት መልእክት በአንድ ጊዜ ይዞ ይመጣል፦ «ተቸግሬያለሁ» እና «እዚህ ነኝ»።

ችግሩ ድምፅ ሩቅ አይሄድም። ከተማ ሲሰፋ፣ ሕንፃ ሲበዛ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ደግሞ ከእሳቱ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ እሪታ አይበቃም። ድምፅን በሽቦ መላክ የርቀቱን ችግር ፈታ። ነገር ግን በሽቦ የመጣ ድምፅ አቅጣጫ የለውም። ከጎረቤትም ከከተማው ዳርም ቢደወል ተቀባዩ ጆሮ ላይ እኩል ነው። ስልክ ርቀትን ሲያሸንፍ «እዚህ ነኝ» የሚለውን መልእክት አጠፋብን። ከዚያ ወዲህ ያለው የአደጋ ጥሪ ታሪክ በአብዛኛው ይህን የጠፋ መልእክት መልሶ የማግኘት ታሪክ ነው።

ቦስተን፦ ቁጥሩን የሚናገር ሣጥን

የመጀመሪያው ጥሩ መፍትሔ የመጣው ስልክ ራሱ ከመፈልሰፉ በፊት ነው። በአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ ዊልያም ቻኒንግ የተባለ ሐኪምና ሞዝስ ፋርመር የተባለ መሐንዲስ ቴሌግራፍን ለእሳት አደጋ ለመጠቀም አሰቡ። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1852 ሥራ ጀመረ። በየመንገዱ ሣጥኖች ተተከሉ። እያንዳንዱ ሣጥን የራሱ ቁጥር አለው፤ ውስጡ ደግሞ ቁጥሩን በጥርሶቹ የያዘ ጎማ አለ። ጎማው ሲዞር በሽቦው ላይ ምት ይልካል። ለምሳሌ ሣጥን 52 ከሆነ አምስት ምት፣ ትንሽ እረፍት፣ ከዚያ ሁለት ምት። በማዕከሉ ያለው ሰው ምቱን ቆጥሮ መዝገቡን አይቶ «እሳቱ ከዚህ መንገድ ጥግ አጠገብ ነው» ይላል።

ልብ በሉ፤ የደወለው ሰው አንድ ቃል አልተናገረም። ቢደነግጥ፣ ቢንተባተብ፣ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ቢሆን ችግር የለውም። ሣጥኑ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ቁጥሩ ራሱ አድራሻ ነው።

ታዲያ ሣጥን 52ን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በኅዳር 1872 (እ.ኤ.አ.) ቦስተንን ያነደደው ታላቅ እሳት የተነገረው በዚህ ሣጥን ነበር። በዚያ ዘመን ሰዎች ለቀልድ እያሉ ሣጥኖቹን ስለሚያዞሩ ባለሥልጣናቱ ሣጥኖቹን ቆልፈው ቁልፉን ለጥቂት ሰዎች ሰጥተው ነበር። በዚያች ሌሊት እሳቱን ያዩ ሰዎች ሣጥኑን ወዲያው መክፈት አልቻሉም፤ ውድ ደቂቃዎች ባከኑ። በዚያ ላይ የከተማዋ ፈረሶች በወረርሽኝ ታመው ስለነበር የእሳት ማጥፊያውን ሰው ነበር የሚጎትተው። ከ700 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። የመዘግየቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱ ግን የቀልድ ጥሪ ያስቆለፈው ሣጥን ነበር። ለቀልድ የሚደውል ሰው ያን ዕለት ማንንም ላይጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ከእሱ በኋላ ከልቡ በሚደውለው ሰው ላይ ነው።

ለንደን፦ ወረፋ የያዘው ጥሪ

አሁን ወደ ለንደን እንሻገር፤ ዘመኑ ስልክ በየቤቱ መግባት የጀመረበት ነው። የፈለጋችሁትን ሰው ለማግኘት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ማዞሪያ ቤት ያለችውን ሠራተኛ ማግኘት ነበረባችሁ። ለአደጋም ዜሮ ደውሎ እሷን መጠበቅ ነው። እሷ ፊት ለፊት ብዙ ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ እያንዳንዱ መብራት አንድ ደዋይ ነው። ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው መብራትና አክስቱን ሰላም ሊል የደወለ ሰው መብራት ግን አንድ ዓይነት ናቸው።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 1935 በለንደን ዊምፖል ስትሪት አንድ ቤት ተቃጠለ። ጎረቤቱ እሳቱን አይቶ ወዲያው ደወለ፤ ማዞሪያው ግን ወረፋ አስያዘው። በእሳቱ አምስት ሴቶች ሞቱ። ያ ጎረቤት በንዴት ለ«ታይምስ» ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጉዳዩም መንግሥት ጋ ደርሶ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1937 ለንደን ውስጥ 999 የሚባል የአደጋ ቁጥር ተከፈተ። 999 ሲደወል ማዞሪያው ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ ጥሩምባም ይጮሃል። ሠራተኛዋ የያዘችውን ትታ ይህን ታነሳለች። ወረፋው ተዘለለ።

ለምን 999? የድሮ ስልክ ቁልፍ የሌለው፣ በጣት የሚሽከረከር ነው። 1 ሲደወል በሽቦው ላይ አንድ ምት ይሄዳል፣ 9 ሲደወል ዘጠኝ ምት። 111 ቢመረጥ ንፋስ ሁለት ሽቦ ባነካካ ቁጥር ሐሰተኛ የአደጋ ጥሪ ሊፈጠር ነው። ዜሮ ደግሞ ለማዞሪያዋ ተይዟል። 9 ግን ከዜሮው አጠገብ፣ ዳር ላይ ስላለ በጨለማና በጭስ ውስጥም በዳሰሳ ይገኛል። በሳንቲም የሚሠሩትንም የመንገድ ስልኮች 9 ያለ ሳንቲም እንዲያልፍ ማስተካከል ይቻል ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት 1,336 ጥሪ መጣ። ከእነዚህ ውስጥ 91 የቀልድ ነበሩ። የቦስተን በሽታ ለንደንም ደርሶ ነበር ማለት ነው!

ከዚያ ሐሳቡ ተዛመተ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 1968 በአላባማ ግዛት ሃሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተደወለ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1991 ለአባል አገሮቹ 112 የጋራ ቁጥር እንዲሆን ወሰነ። በእስራኤል ለፖሊስ 100፣ ለአምቡላንስ 101፣ ለእሳት አደጋ 102 ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ ፖሊስ 999፣ አምቡላንስ 998፣ እሳት አደጋ 997። እኛ ጋ እንደ እስራኤል ቁጥሩ በአገልግሎቱ የተለያየ ነው፦ የአዲስ አበባ ፖሊስ 991፣ የከተማዋ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር 939፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ 907። ከአዲስ አበባ ውጭ የምትኖሩ የከተማችሁን ፖሊስና እሳት አደጋ ቁጥር ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ያዙ፤ እሳት ከተነሳ በኋላ ቁጥር ፍለጋ አይኬድም።

የቤት ቁጥር ለመንግሥት እንጂ ለእንግዳ አልተሠራም

ለንደን ስልኩን ስታስተካክል አንድ ነገር አስቀድሞ በእጇ ነበር፦ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር። ደዋዩ መንገዱንና ቁጥሩን ከተናገረ ሾፌሩ ይደርሳል። ይህ ዕድል ግን ለአምቡላንስ ተብሎ የተሠራ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1770 የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ በግዛቷ ያሉ ቤቶች እንዲቆጠሩ አዘዘች። ዓላማው ለውትድርና የሚደርሱ ወንዶችን ማወቅ ነበር። ቆጣሪዎቹ በየመንደሩ እየዞሩ በሮች ላይ ቁጥር ጻፉ፤ አንድ ብለው ጀምረው እስከ መጨረሻው ቤት። ነገር ግን በቤት ቁጥር 5 አጠገብ በኋላ አዲስ ቤት ቢሠራስ? መንደሩ ውስጥ 200 ቤት ካለ አዲሱ 201 ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ 5 አጠገብ 201፣ 201 አጠገብ 48። ቁጥሩ ለቆጣሪው ጥሩ ነው፤ ለፈላጊው ግን እንቆቅልሽ ነው። ቪየና እ.ኤ.አ. በ1862 ይህን ትታ በየመንገዱ ተከትሎ የሚሄድ ቁጥር አወጣች።

ፓሪስ ቀድማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1805 በወጣው ሥርዓት የመንገዱ አንድ ወገን ጎዶሎ ቁጥር፣ ሌላው ወገን ሙሉ ቁጥር ያዘ። ወደ ሴን ወንዝ የሚወርዱ መንገዶች ቁጥራቸው ከወንዙ ይጀምራል። የዚህን ጥበብ ተመልከቱ፤ 37 ቁጥርን የሚፈልግ ሾፌር 21ን ካየ በትክክለኛው ወገን እንዳለና ወደፊት መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ቁጥሩ ቤቱን ከመሰየም አልፎ መንገድ ይመራል።

የመንገድ ስም ግን የግድ አይደለም። በጃፓን አብዛኛው መንገድ ስም የለውም፤ ቁጥር የሚሰጠው በመንገዶች መካከል ላለው የቤቶች ስብስብ ነው። ሁሉም ስለለመደው ይሠራል። ዋናው ነገር የሚናገረውና የሚፈልገው ሰው አንድ ዓይነት ሥርዓት መጋራታቸው ነው።

ሰፈር፣ ቀበሌና ፖስታ ሣጥን

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። «ሰፈር» የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ንጉሡ ከነሠራዊቱ ሲጓዝ ድንኳኑን ይተክላል፤ መኳንንቱና ሠራዊቱም በዙሪያው፣ እያንዳንዱ በለመደው ቦታ ይሰፍራል። አዲስ አበባም ስትመሠረት በብዙ መልኩ ይህን መሰለች። መኳንንቱ ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ ተሰጣቸው፤ ተከታዮቻቸው አጠገባቸው ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሣ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ የቀሩ ናቸው። በዚህ ሥርዓት ሰው የሚፈለገው በመንገድ ሳይሆን በሰው ነው። «የእገሌ ቤት» ካሉ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1894፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ የፖስታም የስልክም ሥራ ተጀመረ፤ ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። በአውሮፓ ፖስተኛው ቤት ለቤት ስለሚዞር የቤት ቁጥር የግድ ሆነበት። እኛ ጋ ግን ፖስታ በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን ነው የሚደርሰው፤ ባለቤቱ ሄዶ ይወስዳል። «ፖ.ሣ.ቁ.» የሚለውን አድራሻ አይታችሁ ይሆናል። ደብዳቤው ይደርሳል፤ ቤቱ የት እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ እኛ ጋ ስልኩ ከአድራሻው ቀድሞ መጣ ማለት ይቻላል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን የሚያዘው አዋጅ ወጣ፤ በእሱም ቀበሌዎች ተደራጁ። ቤቶች ተመዝግበው የቀበሌ ቁጥር አገኙ። ቁጥሩ ለኪራይ፣ ለመታወቂያ፣ ለነዋሪ ምዝገባ በደንብ አገልግሏል። ነገር ግን የማሪያ ቴሬዛ ዓይነት ቁጥር ነው፦ ለመቁጠር እንጂ ለመፈለግ አይመችም። 312 ከሚለው ቆርቆሮ በር አጠገብ 87 ልታዩ ትችላላችሁ። በብዙ ሰው መታወቂያ ላይ ደግሞ የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ የተጻፈው «አዲስ» ነው። «አዲስ» ብሎ ቤት የሚያገኝ የአምቡላንስ ሾፌር ያስፈልገናል!

ይህን ለማላገጥ አላልኩትም። ቪየና ከመቁጠሪያ ቁጥር ወደ መፈለጊያ ቁጥር ለመሄድ 92 ዓመት ፈጅቶባታል። እኛም መንገድ ላይ ነን። እስከዚያው ግን የደዋዩ ሥራ ከለንደኑ ደዋይ ሥራ ይበልጣል፤ እሱ ስምና ቁጥር ብሎ የሚጨርሰውን እኛ በቃላት መሳል አለብን።

ሽቦው ሲቆረጥ

የቤት ስልክ አንድ ስውር ጥቅም ነበረው። ሽቦው ከማዞሪያው ተነስቶ አንድ የታወቀ ቤት ይገባል፤ መዝገቡ ላይ የየትኛው ቤት እንደሆነ ተጽፏል። ልክ እንደ ቦስተን ሣጥን። ሞባይል ሲመጣ (አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው) ቁጥሩ የቤት መሆኑ ቀርቶ የሰው ሆነ። ሰው ደግሞ ይንቀሳቀሳል።

ሞባይላችሁ የሚገናኘው በአቅራቢያ ካለ የኔትወርክ ማማ ጋር ነው። ድርጅቱ የትኛው ማማ እንደሆነ ያውቃል፤ አንድ ማማ ግን ከተማ ውስጥ ብዙ መንደር፣ ገጠር ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊሸፍን ይችላል። «እዚህ አካባቢ ነው» እንጂ «እዚህ ቤት ነው» አይልም። ጂፒኤስ በበኩሉ ከሳተላይቶች የሚመጣ ምልክት የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ቦታን በጥቂት ሜትር ስህተት ያሰላል። ችግሩ፣ ስሌቱን የሚያውቀው ስልካችሁ እንጂ የጥሪ ማዕከሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታንያ የተጀመረ አንድ ዘዴ ይህን አገናኘ፦ ሰው የአደጋ ቁጥር ሲደውል ስልኩ በራሱ ጂፒኤሱንና በአካባቢው ያለውን ዋይፋይ ተጠቅሞ ቦታውን አስልቶ ለማዕከሉ ይልካል። ከመጋቢት 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት የሚሸጡ ስማርት ስልኮች ይህን ማድረግ አለባቸው።

ይህ ግን የሚሠራው ማዕከሉም መቀበያ ሥርዓቱ ሲኖረው ነው። ስልካችሁ ዘመናዊ ስለሆነ ብቻ «ያገኙኛል» ብላችሁ አትተማመኑ። ሳተላይትም ቢሆን ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳላችሁ በደንብ አይናገርም፤ የግቢው በር በየት በኩል እንደሆነማ ጨርሶ አያውቅም።

ዱባይ ሌላ መንገድ ሞክራለች። በየሕንፃው በር ላይ «ማካኒ» የሚባል አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር ተለጥፏል፤ ቃሉ በዓረብኛ «ቦታዬ» ማለት ነው። ቁጥሩን ያነበበ ሰው የመንገዱን ስም ባያውቅም የሕንፃውን በር በትክክል ይናገራል። ዱባይ የምትሠራ እህት ወይም አክስት ካለቻችሁ ይህን ንገሯት። የአሠሪዎቿን አድራሻ ማወቅ አንድ ቀን ለራሷም ለቤቱ ልጆችም ሊያስፈልጋት ይችላል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ደግሞ እንግሊዝኛ ቢከብደው እንኳ መጀመሪያ አድራሻውን፣ ከዚያ «አምሃሪክ» የሚለውን አንድ ቃል ይበል፤ በብዙ ማዕከሎች አስተርጓሚ በስልክ ይገናኛል። በስህተት 911 የደወለም እንዳይዘጋ፤ «ተሳስቼ ነው» ይበል። ዝም ብሎ የዘጋ ሰው አደጋ ላይ ያለ ስለሚመስል መልሰው ይደውላሉ ወይም ፖሊስ ይልካሉ።

ታሪኩ የሚያስተምረን አደዋወል

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። እስካሁን ያየነው ሁሉ ወደ ጥቂት ልማዶች ይሰበሰባል።

አንደኛ፣ ከምንም በፊት ቦታውን ተናገሩ። «እሳት ነው!» ብላችሁ መስመሩ ቢቋረጥ ማንም ሊደርስላችሁ አይችልም። «ቦታው እዚህ ነው» ብላችሁ ቢቋረጥ ግን ቢያንስ የሚመጣበት ይታወቃል። ከቦታው ቀጥሎ ምን እንደተፈጠረ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ መልሰው የሚደውሉበት ቁጥር። እሳት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ውጡ፤ ስልኩ ደጅ ሆናችሁ ይደወላል።

ሁለተኛ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ሂዱ። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የታወቀ ምልክት፣ መታጠፊያ፣ በር። ምልክቱ ከሌላ ሰፈር የመጣ ሾፌር የሚያውቀው ይሁን። የሰፈራችሁ ሱቅ ለእናንተ ታዋቂ ነው፤ ለእሱ ግን ከሺህ ሱቆች አንዱ ነው። ስሙም ሙሉ ይሁን፤ «ሚካኤል ጋ» ብቻ ካላችሁ የትኛው ሚካኤል?

ሦስተኛ፣ ግራና ቀኝ ከየት ሲመጡ እንደሆነ ተናገሩ። «በግራ በኩል» የሚለው ቃል ከመገናኛ ለሚመጣና ወደ መገናኛ ለሚሄድ ሾፌር ተቃራኒ ነው። «ከመገናኛ ስትመጡ በግራ፣ ሁለተኛው ቅያስ» ማለት ግን አያሳስትም። «ትንሽ ገባ ብሎ» የሚለውን ተዉት፤ የእናንተ ትንሽ የእሱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ቅያስ ቁጠሩ፣ የበሩን ቀለም ተናገሩ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የሳይቱ ስም፣ የብሎክ ቁጥር፣ ፎቅና የቤት ቁጥር። መንገዱ መኪና የማያስገባ ከሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ።

አራተኛ፣ እስኪነግሯችሁ ድረስ ስልኩን አትዝጉ። ጥያቄ ሲበዛ ሰው ይናደዳል፤ «መጀመሪያ መኪናውን ላኩ!» ይላል። ጠያቂው ግን የሚጠይቀው ምን ዓይነት እርዳታ፣ በየት በኩል እንደሚልክ ለማወቅ ነው። ከዘጋችሁ በኋላም መስመሩን አትያዙ፤ ሾፌሩ መንገድ ጠፍቶት ሊደውል ይችላል።

አምስተኛ፣ እሪታን መልሱ። ማለትም አንድ ሰው አስፋልቱ ድረስ ይውጣ፤ ሌሊት ከሆነ የስልኩን መብራት ያወዛውዝ። ሌላው የግቢውን በር ይክፈት፣ ውሻውን ይሰር፣ የበረንዳውን መብራት ያብራ፣ መግቢያውን የዘጋ መኪና ካለ ያስነሳ። ስልኩ ያጠፋውን «እዚህ ነኝ» የሚለውን መልእክት በእጃችን መልሰን የምንሰጠው በዚህ ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ልጅነት አያግድም፤ እንዲያውም ከልጅ የተሻለ ሯጭ የለም።

አሁን አንድ ሙከራ ሞክሩ። ወረቀት አውጡና ከዋናው አስፋልት እስከ ቤታችሁ በር ያለውን መንገድ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ ቤታችሁን ለማያውቅ የክፍል ጓደኛ ስጡትና ማንንም ሳይጠይቅ መምጣት ይችል እንደሆነ እዩ። የተሳሳተበትን ቦታ አስተካክላችሁ እንደገና ጻፉ። ሲሳካ ንጹሑን ቅጂ ከሦስቱ ቁጥሮች ጋር በሩ አጠገብ ለጥፉት፤ አያትም፣ የቤት ሠራተኛም፣ ትንሹ ወንድማችሁም በሚያነቡት ትልቅ ፊደል። ያ ወረቀት የእናንተ ቤት የቦስተን ሣጥን ነው፤ የደነገጠ ሰው ማሰብ ሳያስፈልገው ያነበዋል።